የፕሮግራመር የዕለት መዝገብ፤ የኮድ ለውጥ እንዳይረሳ የሚረዱ ትንንሽ መሣሪያዎች

ነጋዴ በቀኑ ውስጥ የገዛውንና የሸጠውን ሁሉ በቃሉ ይዞ ሊያመሽ አይችልም። የዕለት መዝገብ የተፈጠረውም ስለዚሁ ነው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረ ቍጥር ስሕተት ሆኖ ሲገኝ፥ ሥራውን የሚያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ በላጲስ አይፍቀውም፤ አንድ መስመር ያሰምርበትና ትክክለኛውን ቍጥር ከበላዩ ጽፎ ፊርማውንና ቀኑን ያኖርበታል። የተሰረዘው ቍጥር እንዲነበብ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ምን ተጽፎ እንደ ነበረ፥ ማን እንደ ለወጠው፥ መቼ እንደ ተለወጠ ለማወቅ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ብዙው የንግድ ቤት ሒሳቡን የሚይዘው በኮምፒዩተር ነው። አንዳንዱ ፒችትሪን በመሰለ ከውጭ በመጣ ፕሮግራም ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱንና የሽያጩን መቈጣጠሪያ በአገር ውስጥ ፕሮግራመር ያሠራል። በዚህ ጊዜ መዝገቡን የሚይዘው ነጋዴው ቢሆንም፥ መዝገቡ የሚመራበትን ሕግ የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነው። ፕሮግራመሩም እንደ ማንኛውም ሰው ይረሳል። የሠራውን ለውጥ በረሳ ጊዜ ኪሣራው የሚደርሰው በእርሱ ላይ ሳይሆን በአሠሪው ላይ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ስለዚህ ፕሮግራመሮች የሠሩትን ለውጥ እንዳይረሱ የሚረዷቸውን መሣሪያዎች ጠባይ ማወቅ ለነጋዴውም የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸው ይታወስ።

፩. ለውጥ እንዴት ይረሳል?

ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተሩ ተራ በተራ እንዲፈጽመው የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ይህ ጽሑፍ ኮድ ይባላል፤ የሚጻፍበትም መሣሪያ ኤዲተር ይባላል። የአንድ መካከለኛ የንግድ ቤት ፕሮግራም በብዙ ፋይሎች የተከፋፈለ በሺሕ የሚቈጠር መስመር ሊኖረው ይችላል።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ አንድ ሱቅ 1,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በ100 ብር ቅናሽ ይሸጣል እንበል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ቅናሹን ቀንሶ 900 ብር ያገኛል፤ ቀጥሎም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ማለት 135 ብር ጨምሮ፥ ደንበኛውን 1,035 ብር ይጠይቃል። አንድ ቀን ፕሮግራመሩ ሌላ ነገር ለመፈተን ሲል የታክሱን መስመር ከቅናሹ መስመር በላይ ያደርገዋል። ፈተናውን እንደ ጨረሰ ወደ ቦታው ሊመልሰው አስቧል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ስልክ ይደወልለታል፤ ወይም መብራት ይጠፋል፤ ወይም የሥራው ሰዓት ያልቅና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግሥቱ ሌላ ሥራ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ በ1,000 ብር ላይ 150 ብር ታክስ ጨምሮ 100 ብር ይቀንስና 1,050 ብር ይጠይቃል።

በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ 15 ብር ተጨምሯል። በቀን ሁለት መቶ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ቢቈረጥ 3,000 ብር ያለ አግባብ ከደንበኞች ተወሰደ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ በዚህ ነገር አያጕረመርምም፤ ሁለቱም ስሌት ለእርሱ ትክክለኛ ስሌት ነውና። ስሕተቱ የሚገለጠው ወይ ደንበኛ ሲጮህ፥ ወይ ኦዲተር ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ፕሮግራመሩ ትክክለኛውን አሠራር ያውቃል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የነካውን ቦታ የሚያስታውሰው ምልክት ነው።

፪. በገጹ ጠርዝ ላይ የሚታየው ቀለም

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ትንሹና ለዐይን የሚቀርበው በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ የሚሰመረው ቀለም ነው። ማይክሮሶፍት ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ የተባለው መሣሪያ ለብዙ ዓመታት የታወቀበት አንዱ ነገር ይህ ነበር። የተለወጠና ገና ያልተቀመጠ መስመር በአጠገቡ ቢጫ ይሰመርበታል፤ ከተቀመጠ በኋላ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

ይኸው ኩባንያ በ2015 ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ ያሳያል። አዲስ የተጨመረ መስመር በአረንጓዴ፥ የተለወጠ መስመር በሰማያዊ ይታያል፤ መስመር ተሰርዞ ከሆነ በተሰረዘበት ቦታ ቀይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይቀመጣል። እዚህ ላይ የሚነጻጸረው በመጨረሻ ጊዜ በለውጥ መዝገቡ ከገባው ቅጅ ጋር ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ፋይሉን ዘግቶ በማግሥቱ ቢከፍተውም ቀለሙ አይጠፋም። ከዚህም በላይ በቀለሙ ላይ ጠቅ ቢያደርግ የቀድሞው መስመር ወዲያው ይገለጥለታል፤ ከወደደም በአንድ ትእዛዝ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ከላይ በተነገረው ምሳሌ ውስጥ ያለው ፕሮግራመር በማግሥቱ ፋይሉን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ፥ የታክሱ መስመር ከነበረበት የተነሣ መሆኑን ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ይነግረው ነበር።

ለዚህ የቀረበ ሌላም ምልክት አለ። ያልተቀመጠ ለውጥ ያለበት ፋይል በስሙ አጠገብ ትንሽ ክብ ነጥብ ይታይበታል። ሱቅ ሲዘጋ ያልተቈለፈ መሳቢያ እንደሚታይ ማለት ነው።

፫. የመመለሻ ትእዛዝ

ሁለተኛው መሣሪያ ኮምፒዩተር የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኮንትሮል የተባለውንና ዜድ የተባለውን ቍልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ የመጨረሻው ለውጥ ይመለሳል። አሠራሩ በሹል ሽቦ ላይ እንደሚሰኩ ደረሰኞች ነው። በመጨረሻ የተሰካው በመጀመሪያ ይወጣል፤ ከሥር ያለውን ለማግኘት የላዩን ሁሉ ማንሣት ግድ ይሆናል።

ይህ ትእዛዝ ከጥንት እንደዚህ የተሟላ አልነበረም። ቢል ጆይ በ1976 በሠራው ቪአይ በተባለው ኤዲተር የሚመለሰው የመጨረሻው አንድ ለውጥ ብቻ ነበር። ትእዛዙ ሁለተኛ ጊዜ ቢሰጥ መመለሱን ራሱን ይመልሰዋል እንጂ ከዚያ ወደ ኋላ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ኤዲተሮች ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሳሉ።

ሆኖም ሁለት ጕድለት ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው፥ ሰውየው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ አንድ አዲስ ፊደል ከጻፈ፥ በብዙ ኤዲተሮች ዘንድ የመለሳቸው አሥሩ እርምጃዎች ለዘለዓለም ይጠፋሉ። ሁለተኛው፥ ኤዲተሩ ሲዘጋ የደረሰኞቹ ክምር ሁሉ አብሮ ይጣላል። ብራም ሙሌናር የሠራው ቪም የተባለው ኤዲተር በ2006 የመጀመሪያውን ጕድለት አቃና፤ ለውጦቹን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጎ ሁሉንም ስለሚይዝ፥ የተተወውም መንገድ አይጠፋም። በ2010 በወጣው እትሙ ደግሞ ሁለተኛውን አቃና፤ ከተፈለገ የለውጡ ታሪክ በፋይል ተጽፎ ስለሚቀመጥ፥ ኤዲተሩ ተዘግቶ ከተከፈተም በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

፬. ሳይጠየቅ የሚቀመጥ ቅጅ

ሦስተኛው መሣሪያ የሰውን ትጋት የማይጠብቅ ስለ ሆነ በተለይ ይመሰገናል። ኢማክስ የተባለው የቆየ ኤዲተር አንድ ፋይል ሲሻሻል የቀድሞውን ቅጅ በተመሳሳይ ስም፥ በመጨረሻው ላይ የሞገድ ምልክት ጨምሮ፥ ለብቻው ያስቀምጠዋል። እንደዚሁም ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር በየሦስት መቶው የቍልፍ ምት ራሱ ያስቀምጣል። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የሰፋው ዘዴ በፋይሉ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በየሰዓቱ የሚመዘግብ የኮምፒዩተሩ የራሱ ታሪክ ነው። ኢክሊፕስ የተባለው መሣሪያና ኢንተሊጄይ የተባለው የጄትብሬንስ መሣሪያ ይህን ከቀደሙት ጊዜያት ጀምሮ ይዘዋል። ኢንተሊጄይ በመደበኛ አቋሙ የአምስት የሥራ ቀን ታሪክ ያቈያል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም በ2022 ይኸንኑ ጨምሯል፤ ፋይሉ በተቀመጠ ቍጥር አንድ ቅጅ ይይዛል፤ በመደበኛ አቋሙም ለእያንዳንዱ ፋይል እስከ 50 ቅጅ ያስቀምጣል። ፕሮግራመሩ «ትናንት ከቀትር በኋላ ይህ ፋይል ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያገኛል።

ይሁን እንጂ የዚህ ታሪክ ወሰን መታወቅ አለበት። የሚኖረው በዚያው በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ደግሞም ምን እንደ ተለወጠ ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ተለወጠ አይናገርም።

፭. ዋናው መዝገብ

ስለዚህ ከኤዲተሩ ትንንሽ መሣሪያዎች በስተጀርባ አንድ ትልቅ መዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ማርክ ሮችካይንድ በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ በ1972 የኮድን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ መሥራት ጀመረ። በዚያው ላብራቶሪ ዳግላስ ማክኢልሮይ የሠራው ዲፍ የተባለው ፕሮግራም በ1974 ወጣ። የዲፍ ሥራ ሁለት ቅጅዎችን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የሚለያዩበትን መስመር ብቻ ለይቶ ማሳየት ነው። የአስመጪ ሠራተኛ ኢንቮይሱን ከዕቃ ዝርዝሩ ጋር አስተያይቶ የጐደለውንና የተረፈውን እንደሚያወጣ ያህል ነው። ዛሬ በኤዲተሩ ጠርዝ ላይ የሚታየው ቀለም ሁሉ መነሻው ይህ ማነጻጸር ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው መዝገብ ጊት ይባላል። የሠራው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ጊዜውም ሚያዝያ 2005 ነበር። በጊት አሠራር ፕሮግራመሩ አንድ ሥራ ሲፈጽም ለውጦቹን በአንድነት ጠቅልሎ ወደ መዝገቡ ያስገባል። ይህም ኮሚት ይባላል። እያንዳንዱ ኮሚት የሠሪውን ስም፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የለውጡን ምክንያት የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ፥ እንዲሁም ከይዘቱ የሚሰላ የመለያ ቍጥር ይይዛል። ከተመዘገበው ውስጥ አንድ ፊደል እንኳ ቢነካ ያ መለያ ቍጥር ከይዘቱ ጋር አይስማማም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቍጥር 139 መሠረት ወደ ሱቆች የገባውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያውቅ ነጋዴ፥ የተመዘገበ ነገር በዘፈቀደ እንዳይለወጥ የማድረግን ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም።

ከጊት ትእዛዞች አንዱ ብሌም ይባላል፤ የቃሉ ፍች ወቀሳ ነው። ይህ ትእዛዝ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ መስመሩን በመጨረሻ የነካው ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ነካው ያሳያል። ስሙ ክፉ ይምሰል እንጂ ጥቅሙ ሰውን ለመክሰስ አይደለም። ማን ይናገር የነበረ ማን ያርዳ የቀበረ እንደሚባለው፥ ነገሩን የሚያስረዳውን ሰውና ያን ዕለት የጻፈውን ማስታወሻ ለማግኘት ነው። ብዙ ጊዜም ፕሮግራመሩ በዚህ ትእዛዝ የሚያገኘው የራሱን ስም ነው።

፮. የማስታወሻ ቃልና የመመለሻ ቦታ

የቀሩት ሁለት ነገሮች እጅግ ቀላል ናቸው። ፕሮግራመሮች ያልጨረሱትን ሥራ በኮዱ ውስጥ ቱዱ በሚል ቃል፥ ማለት «የሚሠራ» ብለው ምልክት ያደርጉበታል። ኮምፒዩተሩ ቃሉን እንደ ትእዛዝ አይቈጥረውም፤ ኤዲተሩ ግን በፋይሎቹ ሁሉ የተበተኑትን እነዚህን ቃላት ሰብስቦ በአንድ ዝርዝር ያቀርባል። የታክሱን መስመር ያዛወረው ሰው ከጐኑ «ቱዱ፤ ከፈተናው በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፥ በማግሥቱ ዝርዝሩ ያስታውሰው ነበር። የዚህ ዘዴ ጕድለት ዝርዝሩ ካልተጠረገ እየበዛ ሄዶ ማንም የማያነበው መሆኑ ነው። የማይሰበሰብ የዱቤ መዝገብ ዋጋ እንደማይኖረው ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ሌላው ወደ መጨረሻው እርማት ቦታ የሚያደርስ ቍልፍ ነው። ፕሮግራመሩ ብዙ ፋይሎችን ሲያገላብጥ ቈይቶ ሥራውን የተወበትን ቦታ ቢስት፥ በአንድ ትእዛዝ በመጨረሻ እጁን ወደ አሳረፈበት መስመር ይመለሳል። መጽሐፍ ውስጥ እንደሚደረግ ክር መሆኑ ነው።

፯. መርሳት ያስከፈለው ዋጋ

እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን መስለው ለሚታዩት ሰው በ2012 በአሜሪካ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ናይት ካፒታል የተባለው ድርጅት በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከታላላቆቹ አሻሻጮች አንዱ ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ ፓወር ፔግ የሚባል፥ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ነበረ። አልተሰረዘም፤ እንዲሁ ቀርቶ ነበር። በ2012 ድርጅቱ አዲስ ኮድ ሲያዘጋጅ፥ ቀድሞ ያን አሮጌ ኮድ ያስነሣ የነበረውን ምልክት ለአዲሱ ሥራ አዋለው።

አዲሱ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ሠራተኛው በሰባቱ ላይ ጫነና ስምንተኛውን ረሳ። ሥራውን የሚያይ ሁለተኛ ሰው አልተመደበም ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 2012፥ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ገበያው ሲከፈት በስምንተኛው ሰርቨር ላይ አሮጌው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ሠራተኞቹ ምክንያቱን ባለማወቃቸው አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱም ሰርቨሮች አነሡት፤ በዚህም ጊዜ አሮጌው ኮድ በእነዚያም ላይ ተነሥቶ ጥፋቱን አበዛው። የአሜሪካ የአክሲዮንና የሰነዶች ገበያ ተቈጣጣሪ ኮሚሽን እንደ ገለጠው፥ ኪሣራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ድርጅቱ በሚከተለው ዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ከፈለ፤ በዚያው ዓመትም ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ።

በኤዲተር ጠርዝ ላይ ያለ ቀለም ብቻውን ይህን ጥፋት ያድነው ነበር ለማለት አይቻልም። አንዱ ስሕተት የኮዱ አጻጻፍ ሳይሆን የአጫጫኑ ነበርና። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ምን እንደ ተለወጠ፥ የት እንደ ተለወጠ፥ የት እንዳልተለወጠ በግልጽ የሚያሳይ ምልክት በሌለበት ሥራ፥ ሰው ጥፋቱን ሊያቃና ሲሞክር ያብሰዋል።

፰. ነጋዴው ሊጠይቅ የሚገባው

ነጋዴ ኮድ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ የሒሳብ ሠራተኛውን እንደሚጠይቅ ሁሉ ፕሮግራመሩን መጠየቅ ግን መብቱም ግዴታውም ነው። ሥራ ሲያዋውል ወይም ሒሳብ ሲከፍል የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያቀርብ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሀ. የፕሮግራሙ ለውጥ ሁሉ ጊትን በመሰለ መዝገብ ይያዛልን? መዝገቡስ ከፕሮግራመሩ ኮምፒዩተር ሌላ በሁለተኛ ቦታ ይገኛልን? ውሉ ሲያልቅ መዝገቡ ለማን ይቀራል? ኮዱን ብቻ ተረክቦ መዝገቡን የተወ ነጋዴ፥ የዓመቱን መዝጊያ ሒሳብ ይዞ ደረሰኞቹን እንደ ጣለ ሰው ነው።

ለ. እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደ ተደረገ በሚነበብ ቋንቋ ተጽፎበታልን? «ተሻሻለ» የሚል ማስታወሻ ምንም አይናገርም። «ቅናሽ ከታክስ በፊት እንዲቀነስ ተደረገ» የሚል ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ያስረዳል።

ሐ. ለውጡ ወደ ሱቁ ኮምፒዩተር ከመጫኑ በፊት ልዩነቱን መስመር በመስመር የሚያነብ ማን ነው? ፕሮግራመሩ ብቻውን ቢሆን እንኳ፥ ከማስረከቡ በፊት የራሱን ልዩነት አንድ ጊዜ ሊያነብ ይችላል። ይህ ንባብ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

መ. ከብዙ ሱቆች ያሉት ነጋዴ ከሆነ፥ አዲሱ ኮድ በየትኞቹ ኮምፒዩተሮች ላይ እንደ ተጫነ የሚያሳይ ዝርዝር አለን?

ሠ. ለውጡ ችግር ቢያመጣ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ይህስ ተሞክሮ ያውቃልን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳያመነታ የሚመልስ ፕሮግራመር ሥራውን የሚያውቅ ነው። «ሁሉን በአእምሮዬ ይዤዋለሁ» የሚል ግን፥ መዝገብ አያስፈልገኝም ከሚል ገንዘብ ያዥ በምን ይለያል?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሱቁ በር ከመከፈቱ በፊት ጠርዙን አይቶ ቢጫውንና ሰማያዊውን ምልክት የመረመረ ፕሮግራመር፥ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ያለ አግባብ የሚጨመረውን 15 ብር በዚያው ጧት ያገኘዋል። ካልመረመረው ግን የሚያገኘው ደንበኛው ነው፤ ደንበኛውም ያገኘውን ይዞ የሚሄደው ወደ ፕሮግራመሩ ሳይሆን ወደ ነጋዴው ነው።